ቡላ ወይስ ከውጭ የሚመጣው ዱቄት? ከስትሮክ በኋላ ለመዋጥ ችግር የሚያገለግል ማወፈሪያ በጅማ ቤት ሲፈተሽ

ይህ ግምገማ የሚመለከተው ውኃን፣ ሻይንና ሌሎች ቀጫጭን መጠጦችን ለማወፈር የሚያገለግለውን፣ መሠረቱ ዛንታን ጎማ የተባለ ሙጫ መሰል የምግብ ማወፈሪያ የሆነውን ዱቄት ነው። ዱቄቱ በተለያዩ የንግድ ስሞች ይሸጣል፤ ይዘቱ ግን ከአምራች አምራች ብዙም ስለማይለያይ አንዱን ስም አንሥቼ ማስተዋወቅም ሆነ ማጣጣል አልፈለግሁም። የተጠቀምንበት ከስትሮክ በኋላ መዋጥ ለተቸገረችው እናቴ ሲሆን የምንኖረውም ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ዱቄቱ የተሠራለትን አንድ ሥራ በሚገባ ይሠራል፤ ነገር ግን መድኃኒት አይደለም፤ የውፍረቱን ደረጃ ባለሙያ ሳይወስን መጠቀምም ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ለምግብነት ከሆነ ደግሞ ከሂርማታ መርካቶ የምንገዛው ቡላ ይበልጠዋል።

ዱቄቱ የትኛውን ችግር እንደሚፈታ ለመረዳት መዋጥ ምን ያህል የአንጎል ሥራ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ጤነኛ ሰው በቀን በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይውጣል፤ አብዛኛውንም ጊዜ የሚውጠው ምራቁን ነው፣ ልብ ሳይለው። አንድ ጉንጭ ውኃ ከምላስ ተነሥቶ ጉሮሮን ለማለፍ የሚፈጅበት ጊዜ አንድ ሰከንድ ገደማ ነው። በዚያች ሰከንድ ውስጥ ለስላሳው ላንቃ ተነሥቶ ወደ አፍንጫ የሚወስደውን መንገድ ይዘጋል፣ ማንቁርት ወደ ላይና ወደ ፊት ይሳባል፣ የአየር ቧንቧውን አፍ የሚሸፍነው ክዳን ይደፋል፣ የድምፅ አውታሮች ይገጥማሉ፣ ትንፋሽ ለቅጽበት ይቆማል፣ የምግብ ቧንቧው መግቢያም ይከፈታል። ይህን ሁሉ በቅደም ተከተል የሚያስተባብረው በአንጎል ግንድ የታችኛው ክፍል፣ ሜዱላ በሚባለው ቦታ፣ በግራና በቀኝ የሚገኝ የነርቭ ሴሎች መረብ ነው። መረቡ ከአፍና ከጉሮሮ የሚመጣውን ስሜት ይቀበልና ከአንጎል በቀጥታ ከሚወጡት ነርቮች መካከል በ5ኛው፣ በ7ኛው፣ በ9ኛው፣ በ10ኛውና በ12ኛው በኩል ለጡንቻዎቹ ትእዛዝ ያስተላልፋል። ከላይ ያለው የአንጎል ቅርፊት በበኩሉ መዋጡ መቼ እንደሚጀመር በመወሰን ይሳተፋል፤ የጉንጩን መጠንና ውፍረት መዝኖም የጡንቻዎቹን ኃይል ያስተካክላል።

ስትሮክ አንዱን የአንጎል ጎን ብቻ በሚጎዳበት ጊዜ አንዱ ሕመምተኛ ያለ ችግር ሲውጥ ሌላው ለምን እንደሚያቅተው ለረጅም ጊዜ ግልጽ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 1998 ባሉት ዓመታት በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ሻሂን ሃምዲና ባልደረቦቹ አንጎልን ከራስ ቅል ውጭ በማግኔት እያነቃቁ ባደረጓቸው ጥናቶች፣ ጉሮሮን የሚመራው የአንጎል ቅርፊት በሁለቱም ጎኖች እንደሚገኝ፣ ነገር ግን በአብዛኛው ሰው አንዱ ጎን ከሌላው እንደሚበረታ አሳዩ። ይህ መበርታት ቀኝ እጅ ወይም ግራ እጅ ከመጠቀም ጋር የተያያዘ አይደለም። ስትሮኩ የበረታውን ጎን ከመታ መዋጥ ይታወካል፤ ደካማውን ከመታ መዋጡ ሳይታወክ ሊቀር ይችላል። ይበልጥ የሚያስደስተው ግኝት ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው፦ መዋጥ የተመለሰላቸው ሕመምተኞች የዳኑት የተጎዳው ቦታ ስለታደሰ ሳይሆን ያልተጎዳው ጎን ጉሮሮን የሚመራበት ስፍራ ስለሰፋ ነበር። እዚህ ላይ ትንሽ የቆየሁት ይህ ግኝት ስለ ዱቄቱ የምሰጠውን ፍርድ ስለሚወስነው ነው። አንጎል አዲሱን ሥራ የሚማረው በመዋጥ ከሆነ፣ ማወፈሪያው ትምህርቱ እስኪዘልቅ ድረስ ሳንባን የሚጠብቅ ዘብ ነው እንጂ አስተማሪው አይደለም።

ውኃ ለጤነኛ ሰው ከመጠጥ ሁሉ የቀለለ ቢሆንም ትእዛዙ ለዘገየበት ጉሮሮ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ምክንያቱም ማንቁርት ከመዘጋቱ በፊት ፈስሶ ይደርሳል። ሰው ትን ሲለው የምንደነግጠው በሳሉ ነው፤ በስትሮክ በተጎዳ ሰው ላይ ግን የጉሮሮ ስሜት ራሱ ሊደነዝዝ ስለሚችል ፈሳሹ አንዳች ሳል ሳያስነሣ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። «እንደው አላሳላትም፣ ደህና ናት» የሚለው የጠያቂዎች ማጽናኛ ስለዚህ ብዙ ዋጋ የለውም። ከጠጡ በኋላ ድምፅ ውኃ እንዳዘለ ሆኖ መርጠቡ፣ ምግብ በጉንጭ ውስጥ መቅረቱ፣ ማዕዱ ከወትሮው እጅግ መርዘሙ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት መመላለሱ ከሳል እኩል መታየት ያለባቸው ምልክቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 ጥናቶችን ሰብስቦ የመረመረ አንድ ሥራ እንዳሳየው ከስትሮክ በኋላ የመዋጥ ችግር የሚገኝባቸው ሰዎች ድርሻ እንደ መመርመሪያው ዘዴ ይለያያል፤ በቀላል ማጣሪያ ከ37 እስከ 45 በመቶ ሲሆን በመሣሪያ ሲታይ ከ64 እስከ 78 በመቶ ይደርሳል። የመዋጥ ችግር ያለባቸው ሰዎች በሳንባ ምች የመያዝ ዕድላቸውም ከሌሎቹ ሦስት እጥፍ ያህል ነው።

ወደ ዱቄቱ ልመለስ። እናቴ ከተኛችበት የጤና ተቋም ስትወጣ የተሰጠን ምክር «ወፈር ያለ ነገር ስጧት» የሚል ብቻ ነበር፤ ምን ያህል ወፍራም እንደሆነ የነገረን አልነበረም። ይህ ጥቃቅን ጉዳይ አይደለም። ከሚገባው በታች የቀጠነው ወደ ሳንባ ይገባል፤ ከሚገባው በላይ የወፈረው ደግሞ ደካማው ጉሮሮ ገፍቶ ስለማይጨርሰው ከመዋጥ በኋላ እዚያው ይቀርና ትንፋሽ ሲመለስ ሊንሸራተት ይችላል። የቆርቆሮው መመሪያ በበኩሉ ስንት መስፈሪያ ስንት ደረጃ እንደሚሰጥ ይናገራል እንጂ የእናንተ ሕመምተኛ የሚያስፈልጋት ደረጃ የትኛው እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም። የእኛን የወሰነልን ቤት ድረስ የመጣ ፊዚዮቴራፒስት ነው፤ የንግግርና የመዋጥ ሕክምና ባለሙያ በአገራችን እጅግ ጥቂት በመሆኑ በብዙ ከተሞች ይህ ሥራ የሚወድቀው በፊዚዮቴራፒስቶችና በነርሶች ላይ ነው። እናቴን አስቀምጦ፣ አፏን መርምሮ፣ «እማማ፣ እስኪ ያስሉልኝ፤ አሁን ደግሞ ስምዎን ይንገሩኝ» እያለ ድምፅዋን አዳምጦ፣ በሻይ ማንኪያ ጀምሮ በየደረጃው አስጠጥቶ ነው 2ኛ ደረጃ ያለው። በመሣሪያ የታየ ስላልሆነ ፍጹም ነው አልልም፤ ያለ እሱ ግን ዱቄቱን ባንከፍተው ይሻል ነበር።

ደረጃ የምለው በዓለም አቀፍ ደረጃ የተስማሙበትን መለኪያ ነው፤ መለኪያው ከ0 እስከ 7 የሚደርስ ሲሆን መጠጦች ከ0 እስከ 4 ባለው ውስጥ ይወድቃሉ። ደስ የሚለው ነገር ለመለካት ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ብቻ ይበቃል። መርፌውና መግፊያው ይወጣል፣ ጫፉ በጣት ይደፈናል፣ መጠጡ እስከ 10 ይሞላል፣ ከዚያም ጣት ተነሥቶ 10 ሰከንድ ይጠበቃል። ከ1 ሚሊ ሊትር በታች ከቀረ 0፣ ከ1 እስከ 4 ከቀረ 1ኛ፣ ከ4 እስከ 8 ከቀረ 2ኛ፣ ከ8 በላይ ከቀረ 3ኛ ደረጃ ነው፤ ጨርሶ ካልወረደ 4ኛ ነው። ሲሪንጆች ሁሉ እኩል ስላልሆኑ ከ0 እስከ 10 ያለው መስመር ርዝመቱ 61.5 ሚሊ ሜትር መሆኑን በማስመሪያ ማረጋገጥ ይገባል። መጠጡም ሊጠጣ ባለበት ሙቀት ላይ እያለ መለካት አለበት። ዱቄቱን ለገዛ ሰው ሁሉ የምሰጠው የመጀመሪያ ምክር ይህን ሲሪንጅ አብሮ እንዲገዛ ነው፤ በዓይን የሚደረግ ግምት በእኛ ቤት እንኳ ከሰው ሰው ይለያይ ነበር።

በአጠቃቀም ረገድ ዱቄቱ ጥሩ ነጥብ ያገኛል። በፍጥነት በሹካ እየተመታ ውኃ ላይ ሲነሰነስ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ይሟሟል፣ ውኃውም ጥርት ብሎ ይቀራል፤ መጀመሪያ ዱቄቱን አኑሮ በላዩ ውኃ መገልበጥ ግን እብጠት እብጠት እንዲሆን ያደርገዋል፣ ያንን ደግሞ በኋላ ማስተካከል አይቻልም። ወተት ላይ በጣም ይዘገያል፤ ቀጥኖ አይቶ ሌላ መስፈሪያ የጨመረ ሰው ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ በማንኪያ የሚቆረጥ ነገር ያገኛል። ጣዕም የለውም ማለት ይቻላል፤ አፍ ላይ ግን ልስልስ ያለ፣ ትንሽ የሚያንሸራትት ስሜት አለው፣ ይህን እናቴ በውኃ ላይ ፈጽሞ አልወደደችውም። በቀዝቃዛ ውኃ ላይ ጥቂት ሎሚ መጨመሩ ረድቶናል።

ቡና ላይ የሰጠው ውጤት ግን ከጠበቅሁት በላይ ነው። ጅማ ውስጥ ለሚኖር ሰው ቡና መከልከል መጠጥ መከልከል ብቻ አይደለም፤ ጎረቤት ሲሰበሰብ፣ አቦሉ ሲቀዳ፣ አንዷ ብቻ ባዶ እጇን ስትቀመጥ ሰውም ይከብደዋል፣ እሷም ቀስ በቀስ «ደክሞኛል» እያለች ከጓዳ አትወጣም። ለአንድ ሲኒ ከአንድ መስፈሪያ ያነሰ ዱቄት ይበቃል፤ ቀለሙን አይለውጥም፣ ሽታውን አይነካም፣ ስኳር ቀድሞ ከገባ ይበልጥ በቀላሉ ይሟሟል። አተላው ሙሉ በሙሉ መጥለል አለበት፤ ፈሳሽና ደቃቅ ጠጣር በአንድ ጉንጭ መግባታቸው ለእንዲህ ያለ ጉሮሮ አይስማማውምና። ከዱቄቱ ጥቅሞች አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህን ነው፣ ምንም እንኳ በየትኛውም የሕክምና መመሪያ ውስጥ ባይጻፍ።

አሁን ወደ ቡላ። ዱቄቱን በጠየቅሁባቸው የጅማ መድኃኒት ቤቶች አላገኘሁትም፤ የሚመጣው በአዲስ አበባ በኩል ወይም ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው። በእኛ ቆርቆሮ መመሪያ መሠረት ለ2ኛ ደረጃ በ100 ሚሊ ሊትር 1.2 ግራም ያስፈልጋል፤ በቀን አንድ ሊትር ተኩል ለሚጠጣ ሰው 18 ግራም ማለት ነውና ባለ 125 ግራም ቆርቆሮ ከአንድ ሳምንት አያልፍም። በዚህ ወጪ ምክንያት ብዙ ቤተሰብ «ቡላ እያለ ለምን?» ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ እኔም ሁለቱን ጎን ለጎን በሲሪንጅ ለካኋቸው። ቀጠን ተደርጎ የተሠራ የቡላ አጥሚት ትኩስ እያለ 2ኛ ደረጃ ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ሲቀዘቅዝ ግን ይረጋና ወደ 3ኛውና ከዚያም በላይ ይሄዳል። ሌላው ችግሩ በዓይን የማይታይ ነው፦ ቡላ ስታርች ስለሆነ በምራቅ ውስጥ ያለው አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም ይፈጨዋል፤ አፍ የነካው ማንኪያ ተመልሶ ሲገባበትም ሳህኑ ውስጥ ያለው ቀስ በቀስ ይቀጥናል። ዛንታን ጎማን ግን አሚሌዝ አይነካውም፤ ስለዚህ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ጉንጭ ውፍረታቸው አንድ ነው። በሌላ በኩል ማወፈሪያው ጉልበት የሚሰጥ ነገር የለውም ማለት ይቻላል፣ ቡላ ግን በወተትና በቅቤ ሲሠራ ምግብ ነው። በቤታችን የደረስንበት ክፍፍል ይህ ነው፦ ለውኃ፣ ለቡና፣ ለሻይና ለመድኃኒት መዋጫ ዱቄቱ፤ ለምግብ ቡላ፣ ትኩስ ሆኖ፣ በትንሽ ሳህን፣ የተረፈው ተመልሶ ሳይቀርብ።

በነገራችን ላይ፣ ዛንታን ጎማ የሚገኘው ዛንቶሞናስ ካምፔስትሪስ የተባለው ባክቴሪያ ስኳርን ሲያብላላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በኢትዮጵያ በእንሰት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው፣ ገበሬዎቻችን አጠውልግ የሚሉት በሽታ መንሥኤም የዚሁ የዛንቶሞናስ ወገን ነው። እንሰትን የሚገድለው ወገን ከእንሰት ለሚገኘው ቡላ ተፎካካሪ ማቅረቡ ያስገርማል።

ከስታርች የተሠሩ ማወፈሪያዎችም በገበያ አሉ፤ ዋጋቸው ዝቅ ይላል፣ ነገር ግን የቡላው የምራቅ ችግር እነሱም ላይ አለ። ከዚህም በላይ ፖሊኢትሊን ግላይኮል ካለበት የሆድ ድርቀት መድኃኒት ጋር ሲቀላቀሉ ቀጥነው እንደ ውኃ ስለሚሆኑ የብሪታንያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2021 ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ተኝተው የሚውሉ ሕመምተኞች ይህን መድኃኒት ብዙ ጊዜ ስለሚወስዱ የማሸጊያውን ጀርባ ማንበብ ግድ ነው። ሌሎች ኪኒኖችንም ፈጭቶ በወፈረ ውኃ ከመስጠት በፊት ፋርማሲስት መጠየቅ ይገባል፤ አንጀት ውስጥ እንዲሟሙ የተለበዱ አስፕሪኖችና ቀስ ብለው የሚለቀቁ የደም ግፊት መድኃኒቶች አይፈጩም።

ከዱቄቱ የማይጠበቀውን በግልጽ ልናገር፣ ምክንያቱም የማስታወቂያው ቋንቋ ከእውነቱ ቀድሞ ይሄዳል። የወፈረ መጠጥ በምርመራ ጊዜ ወደ አየር ቧንቧ የሚገባውን መጠን እንደሚቀንስ በሚገባ የታወቀ ነው። የሳንባ ምችን ይከላከላል ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ የታተመ፣ የመርሳት ችግር ወይም ፓርኪንሰን ያለባቸውን 515 ሰዎች ለሦስት ወራት የተከታተለ ጥናት፣ መጠጥ በማወፈርና አገጭን ወደ ደረት ዝቅ አድርጎ ቀጭን መጠጥ በመጠጣት መካከል በሳንባ ምች ረገድ ጉልህ ልዩነት አላገኘም፤ የወፈረ መጠጥ በተሰጣቸው ላይ ግን የሰውነት ውኃ ማነስ በዝቶ ታይቷል። ጥናቱ የስትሮክ ሕመምተኞችን የተመለከተ ባይሆንም አንድ ነገር ያስጠነቅቃል፦ የወፈረ ውኃ አያረካም፣ ሰውም ይጠላዋል፣ ስለዚህ ትንሽ ይጠጣል። የሽንት ቀለም መጥቆሩንና የአፍ መድረቁን በየቀኑ መመልከት ያለበት ዱቄቱን የሚበጠብጠው ሰው ነው።

መዋጥን የሚመልሰው ልምምድ ነው። ለእናቴ የታዘዘላት ጠንከር አድርጎ መዋጥ፣ ማለትም ምላስን ወደ ላንቃ በኃይል እየገፉ መዋጥ፣ እንዲሁም በጀርባ ተኝቶ ትከሻን ሳያነሡ የእግር ጣትን እስኪያዩ ራስን ብቻ ቀና ማድረግ ነበር። የዚህ የሁለተኛው የተለመደ አሠራር አንድ አንድ ደቂቃ እየቆዩና በመካከሉ አንድ ደቂቃ እያረፉ ሦስት ጊዜ፣ ቀጥሎም ሳይቆዩ 30 ጊዜ ማንሣት ሲሆን፣ ይህ በቀን ሦስት ጊዜ ለስድስት ሳምንታት ይደረጋል፤ አንገቱን ለሚያመው ወይም የደም ግፊቱ ላልተረጋጋ ሰው ሌላ ይታዘዛል። አፍን በቀን ደጋግሞ ማጽዳትም ከማወፈሪያው የማይተናነስ ሥራ ነው፤ ሳንባን የሚያሳምመው ውኃው ብቻ ሳይሆን ውኃው ይዞት የሚገባው የአፍ ጀርም ጭምር ነውና። በውጭ አገር ጉሮሮን በቀጭን ቱቦ በኩል በኤሌክትሪክ የማነቃቃት ሕክምናም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ጥናት ጥቅሙ አልታየም፣ በ2018 በወጣው ግን አንገታቸው ላይ የመተንፈሻ ቱቦ የገባላቸውን የስትሮክ ሕመምተኞች ረድቷል። በአሁኑ ጊዜ ለእኛ ቤት የሚሆን ነገር አይደለም።

ስለዚህ ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ፤ የተቀነሰው አንዱ ለዋጋውና ለአቅርቦቱ ነው። ቀጥ ብለው መቀመጥ ለማይችሉ፣ ለሚያንቀላፉ ወይም ምራቃቸውን እንኳ መዋጥ ላቃታቸው ሰዎች ግን ምንም ኮከብ የለውም፤ ለእነሱ የሚያስፈልገው በአፍንጫ የሚገባ የመመገቢያ ቱቦና የሐኪም ውሳኔ ነው። ያለ ጊዜው ለተወለዱ ሕፃናትም ዛንታን ጎማ ያለበት ማወፈሪያ ሊሰጥ አይገባም፤ የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2011 ያስጠነቀቀው ይህንኑ ነው። የሚገዛ ሰው ብዙ ቆርቆሮ በአንድ ጊዜ ባያከማች እመክራለሁ፤ ብዙዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ ስለሚሻላቸው ደረጃው በየጊዜው መታየት አለበት፣ የእናቴም በቅርቡ ወደ 1ኛ ዝቅ ብሏል። የጅማ ክረምት እርጥበት ስላለው ቆርቆሮው ከተከፈተ በኋላ ክዳኑን አጥብቆ ከምድጃ ርቆ ማስቀመጥ፣ መስፈሪያውንም በደረቅ እጅ መያዝ ያስፈልጋል፤ ለመንገድና ለለቅሶ ቤት ደግሞ በነጠላ የታሸገው ከረጢት ይሻላል።